ፔክቲን፤ ማንጎን ከብልሽት የሚያድን ኃይል
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከእናንተ መካከል በመንግሥት ሥራ ወደ ጋምቤላ ክልል ሄዶ የተመለሰ ሰው ቢኖር፥ በሚያዝያና በግንቦት ወር በማንጎ ዛፍ ሥር የሚታየውን ነገር አይረሳውም። ልጆች እስኪጠግቡ ይበላሉ፤ እናቶች በየገበያው በመደብ በመደብ እያደረጉ ይሸጣሉ፤ የተረፈው ግን በወደቀበት ይፈነዳል፥ ዝንብ ይወርረዋል፥ ይበሰብሳል። እንግዳውም ለቤተ ሰቡ ስጦታ እንዲሆን አንድ ኬሻ ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ቤቱ ደርሶ ኬሻውን በፈታው ጊዜ፥ ከላይ ያለው ደኅና ሆኖ ከሥር ያለው ግን ውኃ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ ጕዳት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እንደ ጎግ ባለ ሥፍራ ነው። ጎግ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፥ በአኝዋክ ሕዝብ አገር የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ከተማው ፑኝዶም በጊሎ ወንዝ አቅራቢያ ነው። አገሩ ቆላ፥ ሙቀቱም ብርቱ ስለ ሆነ፥ የበሰለ ፍሬ ብዙ ቀን አይቈይም። ትልቁ ገበያም ሩቅ ነው። ስለዚህ ማንጎው በአንድ ወቅት ከመትረፍረፉ የተነሣ ዋጋ ያጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም።

የጋምቤላ ታሪክ ራሱ በዚህ ጕዳይ ላይ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ነበር። ከዚያም በኋላ ወንዙ በክረምት ሲሞላ፥ መርከቦች የኢትዮጵያን ቡና ወደ ሱዳን ይወስዱ ነበር። ቡናው ያን ሁሉ መንገድ የቻለው ደርቆ የሚቈይ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ዱሮም ሆነ ዛሬ፥ ሩቅ አገር የሚደርሰው ሳይበላሽ የሚቈየው ነው። ማንጎውንስ በምን እናቈየው? ብለን ብንጠይቅ፥ ከመልሱ አንዱ በራሱ በፍሬው ውስጥ ይገኛል። ስሙም ፔክቲን ይባላል።

ፔክቲን በአትክልትና በፍራፍሬ አካል ውስጥ ሕዋስን ከሕዋስ ጋር አያይዞ የሚይዝ ነገር ነው። ቤት ሠሪ ድንጋዩን በጭቃ እንደሚያያይዘው ማለት ነው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንሪ ብራኮኖ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1825 ዓ.ም. ይህን ነገር መርምሮ፥ «የሚያረጋ» የሚል ትርጕም ካለው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት። እኛም «እርጎ» የምንለው «ረጋ» ከሚለው ግሥ ስለ ሆነ፥ አሳቡ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ፍሬው ጥሬ ሳለ ይህ ማያያዣ ጠንካራና በውኃ የማይሟሟ ነው፤ ጥሬ ማንጎ ድርቅ ያለ የሚሆነውም ባመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ኢንዛይም የሚባሉት በውስጡ ያሉ ነገሮች ማያያዣውን ይፈቱታል፤ ፍሬውም ይለሰልሳል። እጅግ ሲበስል ደግሞ ፔክቲኑ ተቈራርጦ ኃይሉን ያጣል። በኬሻው ሥር ለተገኘው ውኃ የሆነ ማንጎ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህም ማርማላታ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከመጠን በላይ የበሰለውን ብቻ ቢቀቅል ወጥ እንጂ ማርማላታ አያገኝም።

ፔክቲን እንዲረጋ ሁለት ረዳቶች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ስኳርና ኮምጣጣ ነገር ናቸው። ፔክቲን እንደ ረጅም ክር ያለ ነው፤ ክሮቹ በውኃ ውስጥ ሲንሳፈፉ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። የሎሚ ውኃ መገፋፋቱን ያበርድላቸዋል፤ ስኳሩም በመካከላቸው ያለውን ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። በዚያን ጊዜ ክሮቹ ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ፤ ፈሳሹም በመረቡ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን ስለ ፔክቲን የተናገሩ ይመስላል። ከዚህም በላይ፥ ስኳሩ ውኃውን ስለሚይዘው ምግብ የሚያበላሹት ረቂቅ ሕይወታውያን በቀላሉ አይራቡበትም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሦስት እጅ ለመብሰል የተቃረበ፥ አንድ እጅ የበሰለ ማንጎ ታጥቦ ይላጣል፤ ፍሬው ወጥቶ ይከተፋል። የሎሚ ወይም የትርንጎ ነጩ ገለፈትና ፍሬው በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ አብሮ ይጨመራል፤ ፔክቲን የሚበዛው በዚህ ብዙ ሰው በሚጥለው ክፍል ነውና። በጥቂት ውኃ ተቀቅሎ ከለሰለሰ በኋላ ቋጠሮው ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያም ለአንድ ኪሎ ማንጎ አንድ ኪሎ ያህል ስኳርና የሁለት ወይም የሦስት ሎሚ ጭማቂ ተጨምሮ፥ እየተማሰለ በብርቱ እሳት ይፈላል። ብዙ ሰዓት ማፍላት ግን ፔክቲኑን ስለሚሰብረው አይገባም።

መርጋቱ የሚታወቀው በእንስራ ውኃ በቀዘቀዘ ሳሕን ላይ ጠብታ ሲንጠባጠብና በጣት ሲገፋ ገጹ ሲጨማደድ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት «105 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ይላሉ፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በጋምቤላ ቆላ ግን በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በያላችሁበት ውኃው ከሚፈላበት አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ማውጣት ይበቃል። ማርማላታው እንደ ጋለ ተቀቅሎ በጸዳ የብርጭቆ ዕቃ ተሞልቶ ወዲያው ይከደናል። ኋላ ሻጋታ ቢታይበት ይጣል።

በታላላቅ ፋብሪካዎችም ያለው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከተጨመቀ ብርቱካንና ሎሚ ገለፈት፥ እንዲሁም ከፖም ዝቃጭ ፔክቲን በሙቅ ኮምጣጣ ውኃ ተለይቶ ይወጣና ዱቄት ይሆናል። በሱቅ በምትገዙት ማርማላታ፥ ከረሜላ ወይም እርጎ ዕቃ ላይ «ኢ440» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ይኸው ፔክቲን ነው። ስኳር እንዲያንስ በሚፈለግበት ጊዜ በካልሲየም የሚረጋ ሌላ ዐይነትም አለ። ጀላቲን የሚባለው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ሲወጣ፥ ፔክቲን ግን ከአትክልት ብቻ ስለሚገኝ፥ ለጾመኛውም ለእስላሙም አሳብ አያሳድርም።

ውድ አድማጮች፤ ስኳሩም ዕቃውም ገንዘብ እንደሚጠይቅ አንዘነጋም። አንዲት የጎግ እናት ብቻዋን ይህን ሁሉ ልትገዛ ይቸግራታል። አምስት ወይም ስድስት ሴቶች ተባብረው ቢጀምሩት ግን፥ በግንቦት መሬት ላይ የሚበሰብሰው ማንጎ በመስከረም በገበያ ሊሸጥ ይችላል። በዚያ አገር የተመደባችሁ መምህራን፥ የጤናና የእርሻ ሠራተኞች፥ አንድ ድስት፥ አንድ ሳሕንና ጥቂት ሎሚ ይዛችሁ ሥራውን በዐይናቸው ብታሳዩአቸው፥ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ታስተምራላችሁ። በከተማ ያላችሁም የሎሚውን ገለፈት ወደ ቆሻሻ ከመጣላችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። የጣላችሁት ነገር የአንድን ፍሬ ዕድሜ ከቀናት ወደ ወራት ለማራዘም የሚችል ነውና።