ስለ ክራር ማንገቻ
በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ የመረጥሁትም ነገር ትንሽ ነው፤ እርሱም የክራር ማንገቻ ነው። ስለ ቅኝት ወይም ስለ ዜማ መናገር ሲቻል ስለ ማንገቻ መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ነገር ግን ወደ ክበባችን በደስታ ገብተው ጥቂት ሳምንት ሳይቆዩ የሚቀሩትን ተማሪዎች ምክንያታቸውን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ «እጄን አመመኝ» ይሏችኋል። ሌላው ሰው ደግሞ «ጣቱ ለክራር አልተፈጠረም» ብሎ ይፈርድባቸዋል። እኔ ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሦስት ክንድ ጨርቅ እንስጣቸው እላለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

ክራር ብዙውን ጊዜ 6 ክር አለው፤ 5 ክር ያለውም ይገኛል። ከታች ገበቴው፣ ከገበቴው ወደ ላይ ሁለቱ ምሰሶዎች፣ በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ ቀንበሩ ይገኛል። ቀኝ እጅ በመምቻ ክሮቹን ሁሉ ሲመታ የግራ እጅ ከኋላ ገብቶ የማይፈለጉትን ክሮች በጣቶቹ ጫፍ ያፍናል፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል። ክራሩ ሲደረደርም የግራ ጣቶች ራሳቸው ክሮቹን ይነካሉ። ስድስቱ ክር ለአምስት ጣት ሲከፋፈል ለአንዱ ጣት ሁለት ክር ይደርሰዋል። እንግዲህ ከጣቶቻችን ሥራ ፈት የለም ማለት ነው። በዚያው እጅ ክራሩን ደግሞ እንሸከም ብንል አውራ ጣት ምሰሶውን ይጨብጣል፤ የእጅ አንጓ ይታጠፋል፤ ጣቶቹ ይደርቃሉ፤ መታፈን የሚገባው ክር ይጮኻል። ለሁለት ጌታ ያደረ አገልጋይ ለአንዱም እንደማይሆን የግራ እጅም እንዲሁ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ማንገቻ ከጊታር ጋር የመጣ የባዕድ ልማድ ነው ይላሉ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። በቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታውን ሰው ተመልከቱ፤ ከበሮውን በአንገቱ አንግቶ ሁለት እጁን ነጻ አድርጎ ይመታል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላም እያለ ያሸበሽባል። ቆሞ የሚጫወት አዝማሪም ማሲንቆውን በማንገቻ ያነግታል። በገና ትልቅ ስለ ሆነና ተቀምጠው ስለሚደረድሩት ማንገቻ አያሻውም። ክራርም ተቀምጠው ሲመቱት ክብደቱን ጭን ይቀበላል። ነገር ግን ክራር ከእልፍኝ ወጥቶ መድረክ ላይ ከወጣ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በመሠረቱ ጊዜ ክራርና ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። ዛሬም ኤሌክትሪክ ክራር አንግተው ቆመው የሚጫወቱ አሉ። ተጫዋቹ ሲቆም ጭን የተሸከመው ክብደት ወደ ማን ይሂድ? ማንገቻ ከሌለ ወደ ግራ እጅ መሄዱ ነው።

ማንገቻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በምሰሶዎቹ ላይ ታስሮ በግራ እጅ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ቀለበት ነው። ይህ ተቀምጦ ለሚመታ ሰው ይበቃል፤ ክራሩ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ሁለተኛው በአንገት ዙሮ በትከሻ ላይ የሚያልፍ ነው፤ ቆሞ ለሚመታ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ከምን እንሥራው? ከክበባችን ክራሮች አንዳንዶቹ በቀጭን የናይለን ገመድ ታስረዋል። ገመዱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አንገትን ይቈርጣል። በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን እናስታውስ። አንድ ክራር 1 ኪሎ ተኩል ይመዝናል እንበል፤ ማንገቻውም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በአንገትና በትከሻ ላይ ያርፋል እንበል። የገመዱ ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 75 ግራም ይጫናል። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን 15 ግራም ብቻ ነው። ክራሩ አልቀለለም፤ ሸክሙ ግን ተከፋፈለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ጠፍር እርጥበት ነክቶት ሲደርቅ ስለሚጠነክር አልመክረውም። ለስላሳ የበግ ቆዳ መልካም ነው፤ ለተማሪ ኪስ ግን ይከብዳል። ከሁሉ የሚሻለው በየቤታችን ያለው አሮጌ መቀነት ነው። ጥጥ ስለ ሆነ ላብ ይመጥጣል፤ በልብስ ላይም አይንሸራተትም። ሦስት ጣት ስፋት እንዲኖረው አጥፎ ዳርና ዳሩን መስፋት ብቻ ነው።

የጊታር ማንገቻ ገዝተው የመጡም አሉ። የጊታር ማንገቻ በሁለቱ ጫፍ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በጊታሩ አካል ላይ ባለ ቍልፍ ላይ ይገባል። ክራር ግን እንዲህ ያለ ቍልፍ የለውም። ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ለብሶ መራመድ እንዳቃተው በመጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን፤ ልብሱ መልካም ነበር፤ ግን ለእርሱ የተሰፋ አልነበረም። ቢሆንም በእጃችን ያለውን አንጥለውም፤ በየቀዳዳው የቆዳ ክር አግብተን ከምሰሶው ጋር ብናስረው ይሠራል።

ሲታሰር የሚከተለውን እንጠብቅ። አንደኛ፤ ማንገቻው በቀንበሩ ላይ አይታሰር። ክሮቹ የሚጠመዘዙት በዚያ ስለ ሆነ የማንገቻው መሳብ ቅኝቱን ያበላሻል። አንዱ ጫፍ ከቀንበሩ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ በአንዱ ምሰሶ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በሁለተኛው ምሰሶ ሥር ከገበቴው በላይ ይታሰር። ከባዱ ገበቴው ስለ ሆነ እርሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀንበሩም ወደ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፤ ገበቴው ላይ ምስማር አይመታ፤ እንጨት ይሰነጠቃል፤ ቆዳም ይቀደዳል። ሦስተኛ፤ ጨርቁ የገበቴውን ቆዳ አይንካ፤ ድምፁን ያፍነዋልና። አራተኛ፤ የብረት ዘለበት ካለ በጨርቅ ይሸፈን፤ አለዚያ ከክሩ ጋር አብሮ ይንጫጫል።

ርዝመቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ምቱ፤ ክራሩ ከደረታችሁ አንጻር የት ላይ እንዳለ አስተውሉ። ከዚያም ተነሡ፤ ክራሩ እዚያው ቦታ ላይ ቢቀር ማንገቻው ልክ ነው። ሁለቱንም እጃችሁን ልቀቁ፤ አይወድቅም? የግራ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ በየክሩ ላይ አሳርፉ፤ አውራ ጣት ምሰሶውን ሳይጨብጥ ይደርሳሉ? የእጅ አንጓ ቀለበት ያለበት ሰው ደግሞ አንድ ዜማ ከመታ በኋላ አንጓውን ይመልከት፤ ምልክት ካወጣ ወይም ጣት ከደነዘዘ ጠብቋልና ይፍታው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የክበባችን ክራሮች ጥቂት ናቸው፤ ከ9ኛ ክፍል ትንሽ ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ረጅም ተማሪ ድረስ በአንዱ ክራር እየተፈራረቅን እንማራለን። በትልቁ ልጅ ልክ የታሰረ ማንገቻ ክራሩን ለትንሹ ከጕልበቱ በታች ያወርድበታል። እርሱም ለመጠየቅ አፍሮ በእጁ ይሸከመዋል፤ እጁን ያመዋል፤ ከዚያም ይቀራል። ስለዚህ ክራሩ የጋራ ይሁን፤ ማንገቻው ግን የየራሳችን ይሁን። አዲስ አባል ሲገባ ስለ ቅኝት ከመማሩ በፊት የራሱን ማንገቻ ይስፋ፤ የቆየውም አባል ልኩን ይያዝለት። ይህን ለማድረግ ከትምህርት ቤቱ ገንዘብ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መርፌና ክር ይበቃል።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ እንሄዳለን፤ ክራሮቹ ግን እዚሁ ይቀራሉ። ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ዓመት የምመኘው በሚመጣው በዓል ላይ የዛሬዎቹ ትንንሽ ልጆች ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸውም ሳያማቸው ትዝታንና ባቲን ሲመቱ እንዲሰማ ነው።