ስለ ድሮው የራዲዮ ሞገድ መለወጫ አጠቃቀምና አያያዝ
(በማኅበራችን አዳራሽ፣ ኮተቤ፣ ለአባላት የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ምክንያት ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ የደረሰው ነገር ነው። እንደሰማችሁት አንድ የሠፈራችን ልጅ መደርደሪያው ላይ ያለውን ግራጫ ሳጥን በካቻቢቴ ከፍቶ ሲነካካ ኮረንቲ መትቶ ወረወረው። ስፒናው እኮ ተነቅሎ ነበር! ልጁም «ነቅዬዋለሁ» እያለ ነው ያለቀሰው፤ እውነቱን ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጣቱ ላይ ትንሽ ከመቃጠሉ በቀር ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሹ የኮሚቴ አባል «ለቆራሌው ይሰጥ» ይላል፤ ግማሹ «የሟች አደራ ነው» ይላል። እኔም በራዲዮ ጥገና ብዙ ዘመን ስለ ቆየሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንዳስረዳ ታዘዝሁ።

ዕቃው የሞገድ መለወጫ ነው። ባለቤቱ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአስመራ ይዘውት የመጡ አሜሪካን ሠራሽ ነው። እስከ 1969 ዓ.ም. አስመራ በነበረው በቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖቹ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከየአገሩ አማተሮች ጋር በራዲዮ ይነጋገሩ ነበር። ከዚያ የወጣ ይመስለኛል። አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለሙያው ፍቅር ብሎ የራዲዮ ግንኙነት የሚያደርግ ሰው ነው።

ሥራው መቀነስ ብቻ ነው። አማተሮች ከሚነጋገሩባቸው ቦታዎች አንዱ ከ14,000 እስከ 14,350 ኪሎ ኸርዝ ያለው የ20 ሜትር ባንድ ነው። ተራ የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ እዚያ አይደርስም። ሳጥኑ ውስጥ ግን 13,000 ኪሎ ኸርዝ የሚያመነጭ ክሪስታል አለ። ከ14,200 ላይ 13,000 ሲቀነስ 1,200 ይቀራል፤ ይኸውም በቤታችን ራዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ የሚገኝ ቁጥር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሳጥኑ የሚወጣውን ሽቦ ሦስት አራት ጊዜ በትንሿ የባትሪ ራዲዮ ላይ ጠምጥሙና መርፌውን 1,200 ላይ አድርጉ።

ታዲያ አንድ ተንኮል አለው። ሒሳቡ ማን ከማን እንደ በለጠ አይጠይቅም። ከ13,000 ላይ 11,800 ቢቀነስም 1,200 ነው፤ 11,800 ደግሞ ትላልቅ የውጭ አገር ጣቢያዎች የሚሰሙበት የ25 ሜትር ባንድ ነው። ጋሼ ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ዜናና ሙዚቃ እየሰሙ «አማተር ያዝን» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ቁልፍ ይህን ለመለየት የተሠራች ናት። ሹክሹክታው ከፍ እስኪል ቀስ ብላችሁ አዙሯት፤ ዝም ብላችሁ አትለፏት።

ሁለተኛ፣ ዛሬ አብዛኛው አማተር የሚናገርበት ዘዴ በተራ ራዲዮ ሲሰማ እንደ ዳክዬ ጩኸት ነው። ይህን ጋሼ ራሳቸው ያሳዩኝ ብልሃት ይፈታዋል፤ ሌላ ትንሽ ራዲዮ አጠገቡ አስቀምጡና ድምፁን ዘግታችሁ 745 ላይ አድርጉት። አብዛኛው ራዲዮ ከተቃኘበት ቁጥር 455 ከፍ ያለ ሞገድ በውስጡ ያመነጫል፤ 745 እና 455 ደግሞ 1,200 ነው። መርፌውን በፀጉር ያህል ስታንቀሳቅሱት ዳክዬው ሰው ይሆናል። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ሞክሩ።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። ሳጥኑ በቫልቭ የሚሠራ ስለ ሆነ ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ አለ። ያን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተር የሚባሉት ቆርቆሮዎች ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ይዘው ይቆያሉ። ልጁን የመታው ይኸው ነው። ክዳኑን የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ ይንቀል፣ ይጠብቅ፣ እጀታው በተሸፈነ ሽቦ በሬዚስተር በኩል ያራግፈው፣ በቴስተር ይለካ፤ አንድ እጁን ኪሱ ይክተት።

ደግሞ ዕቃው የ117 ቮልት ነው፣ የእኛ ኮረንቲ 220። እኔ ራሴ፣ የተማርሁት ሰውዬ፣ በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ሰካሁት! ፊውዙ ባይቀድመኝ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ዕቃ አልነበረም። ማሳነሻ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው። ለወራት ተቀምጦ ከነበረ ደግሞ በአንዱ ሽቦ መካከል ባለ 60 ዋት አምፖል አስገብታችሁ ነው የምታስነሡት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና፤ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለና ንቀሉት። ባለ ሽቦው የድሮ አምፖል መሆን አለበት፤ የዛሬው ኤልኢዲ ለዚህ አይረባም። እንዲያውም ኤልኢዲውና የስልክ ቻርጀሩ ናቸው ራዲዮውን የሚያንጫጩት። መብራት ሲጠፋ ሠፈሩ ለራዲዮ ጸጥ ይላል፤ ምን ያደርጋል፣ ሳጥኑም አብሮ ይጠፋል!

የቫልቮቹን እግር በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ጥረጉ፤ በነጭ ጋዝ አይደለም። አንቴናው ሁለት ባለ 5 ሜትር ሽቦ ነው። ከባሕር ዛፍ ላይ ስታስሩት ላላ አድርጉት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ዛፉን ሲያወዛውዘው ይበጥሰዋልና። በክረምት ሰማዩ ሳይጉረመረም በፊት ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ጣሉት። ከጀመረ በኋላ ግን ማንም እንዳይነካው።

«የሰላይ ዕቃ አይደለም ወይ?» ላሉት እናት፤ ይህ ይቀበላል እንጂ አያስተላልፍም። ማስተላለፍ የሚሻ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወጣቶች በዚህ ልባችሁ ከተነካ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀውን የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ጠይቁ።

ውሳኔው የእናንተ ነው። ይቆይ ካላችሁ ግን በክዳኑ ላይ ቁልፍ አደርጋለሁ፤ ከካፓሲተሩ ጎን ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በይጄ፣ ስፒናው ሲነቀል በ1 ደቂቃ ውስጥ ራሱን እንዲያራግፍ አደርገዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አስተምራለሁ፤ እናቱ ከፈቀዱልኝ ከዚያው ልጅ እጀምራለሁ። እስከዚያው ግን እቤቱ ባለ ሽቦ አምፖል የቀረው ሰው ካለ ለጸሐፊያችን ይስጥልኝ፤ እኔ ዘንድ የነበረው የመጨረሻው ትናንት ተቃጠለ።