አንድ ክረምት ሁለቴ እንዳይቆጠር



ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚተኙ ለወረታ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሩዝ በፎገራ የተስፋፋው ሌላው ሰብል የማይችለውን ይህን ውኃ ስለሚችል ነው። ሩዙንም የሚያሸንፍ ጎርፍ ግን አለ። የጎርፍ መከላከያ የሚሠራውም ሆነ ቦይ የሚቀይሰው ባለሙያ «ይህ ጎርፍ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የጥቂት ዐሥርት ዓመታት የዝናብ መዝገብ በመቶ ዓመት አንዴ ስለሚደርስ ጎርፍ ብዙ አይነግረንም። ስለዚህ በኮምፒውተር፣ ለምሳሌ፣ ዐሥር ሺህ ሰው ሠራሽ ክረምቶችን እንፈጥራለን፤ የየዕለቱን ዝናብ የምናወጣው በዘፈቀደ ቁጥር ነው። ሥራው ረጅም በመሆኑ ለብዙ ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለሚሄዱ የሥራ ክሮች፣ ተከፋፍሎ ጎን ለጎን ይሠራል። ስሕተቱም የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

የዘፈቀደ ቁጥሮቹን የሚያወጣው ቁጥር አመንጪ በውስጡ የያዘው ሁኔታ አለ። በተጠራ ቁጥር ያንን ያነባል፣ በቀመር ይለውጣል፣ አዲሱን መልሶ ይጽፋል። ሁለት ትሬዶች አንዱን አመንጪ ያለ ጥበቃ ከተጋሩ፣ አንዱ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው አሮጌውን ያነባል፤ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ አያስጠነቅቅም። በዶትኔት ያለው ራንደም የተባለ አመንጪ እንዲህ ሲበላሽ ዜሮ ብቻ እየመለሰ ሊቀጥል ይችላል። ዜሮው እንኳ ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይታይ የሚደገመው ዝናብ ነው። ዐሥር ሺህ ያልነው ክረምት በእውነቱ ከዚያ ያንሳል፤ የግምታችንን የስሕተት ወሰን የምናሰላው ግን በዐሥር ሺህ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ጠብቦ ይወጣል። ያላገኘነውን እርግጠኝነት ለገበሬው እንሰጠዋለን ማለት ነው።

የጃቫ ቋንቋ ነባሩ አመንጪ ራንደም ከዚህ ብልሽት የተጠበቀ ነው፤ ትሬዶች ሲሻሙበት ግን ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከጃቫ 7 ጋር የወጣው ትሬድሎካልራንደም ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን አመንጪ ሰጠ። ፈጣን ነው፤ ሆኖም የቁጥሮቹ ድርድር የሚጀምርበትን መነሻ ቁጥር እኛ እንድንወስን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ያንኑ ውጤት በድጋሚ ማውጣት ለሚፈልግ ተመራማሪ አይሆንም። መነሻውን ከሰዓት መውሰድም አያዋጣም፤ በአንድ ቅጽበት የተነሡ ትሬዶች አንድ ዓይነት ቁጥሮች ሊደረድሩ ይችላሉ።

እኔ የምመክረው አንድ ዋና መነሻ ቁጥር መርጦ በሪፖርቱ ላይ መጻፍና ሌሎቹን ከእሱ ማውጣት ነው። የፓይተን ቋንቋ የስሌት መሣሪያ የሆነው ኑምፓይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ በ1.17 እትሙ፣ ለዚህ ሲድሲኩዌንስ የተባለ መሣሪያ አለው። የሚወጡት መነሻ ቁጥሮችም ለየክረምቱ እንጂ ለየትሬዱ አይታደሉ። የትሬዱ ብዛት ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ ሦስት ሺኛው ክረምት ግን የትም ቢሰላ ሦስት ሺኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው ፊሎክስ የተባለ አመንጪ ለዚህ እጅግ ይስማማል፤ ከቁልፍና ከተራ ቁጥር በቀጥታ ስለሚያሰላ ትሬዶች የሚሻሙበት የጋራ ሁኔታ የለውም።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ፕሮግራሙን በ1 ትሬድ፣ ቀጥሎ በ8 ትሬድ አስኪዱት፤ የሦስት ሺኛውን ክረምት ዝናብ ቀን በቀን አስተያዩ። አንድ ቀን እንኳ ከተለያየ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ከዚያ ፕሮግራም የወጣ የጎርፍ ካርታ ወደ ቀበሌ አይውረድ።