አራት ስም ያላት ከተማ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የህንድ ከተማ ነው። «እኛን ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ከተማዋን የቆረቆራት እኮ የአገራችን ልጅ ነው!

ልጁ የተወለደው በኢትዮጵያ ምድር፣ በ1548 ገደማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር። እንደ ዕቃ ተሸጠ። ባሕር ተሻግሮ በየመን ወደብ በሞካ አለፈ፤ ባግዳድም ደረሰ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሚር ቃሲም የሚባል ሰው ገዛው። ይህ ሰው የልጁን ብልህነት አይቶ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ መያዝ አስተማረው። ሰውን ገዝቶ ማስተማርን ደግነት ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። አምባር የሚል ስምም አወጣለት። በፊደሉ ከእጅ አምባር ጋር አንድ ነው፤ በዐረብኛ ግን ለሽቶ የሚሆን ነገር ነው።

አምባር ከዚያ ወደ ህንድ ተወሰደ። እዚያ የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሚኒስትር ነበር። ሚኒስትሩም ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣና ወታደር ሰበሰበ። በ1600 የሙጋሎች ጦር አሕመድናጋርን ያዘ። አምባር ግን አንድ የንጉሥ ዘር አነገሠና እሱ እንደራሴ ሆኖ መዋጋቱን ቀጠለ። ማሊክ አምባር የተባለው ይህ ሰው ነው። የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በጦር ቢያቅተው፣ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አስሣለ። በሥዕል ማሸነፍማ ማንን ይከብዳል?

በ1610 አምባር ኻድኪ በሚባል መንደር ላይ ከተማ ቆረቆረ። ከተማ ሲቆረቆር መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃ ነው። ይህን እንስራ አዝላችሁ የምታውቁ እናቶች ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አገሩ ዝናብ ያጥረዋል። ስለዚህ አምባር ከከተማው በስተሰሜን ካሉት ኮረብቶች ከምድር በታች ቦይ አስቆፈረ። ውሃው ያለ ሞተር ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል። በየቦታው ወደ ላይ የተከፈተ ጉድጓድ አለ። ውሃው ከምድር በታች ስለሆነ ፀሐይ አያደርቀውም፤ ከብትም አይረግጠው። ታዲያ ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው ቦዩን ይንደዋል፤ ካነሰም ይቆማል። ልክና ሒሳብ የማያውቅ ሰው አያሠራውም። ቦዩ «ናህር አምባሪ»፣ የአምባር ቦይ ይባላል። ለብዙ ዘመን ከተማዋን አጠጥቷል።

አምባር የእርሻ መሬቱንም ለምነት አስለይቶ ግብሩ እንደ ምርቱ እንዲሆን አደረገ።

በ1626 አምባር ሞተ። ልጁ ፋቴህ ኻን ከተማዋን ፋቴህናጋር አላት። ብዙም ሳይቆይ ሙጋሎች ያዟት። በ1653 የሙጋሉ ልዑል አውራንግዜብ የአገሩ ገዢ ሆኖ ሲመጣ በራሱ ስም አውራንጋባድ አላት። ከዚያ የሃይደራባድ ገዢዎች ወሰዷት፤ በ1948 ወደ ህንድ ተቀላቀለች፤ በ1960 የማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር አካል ሆነች። በ2023 ደግሞ ስሟ እንደገና ተለወጠ። አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ትባላለች። ረጅም ነው አይደል? ቀስ ብላችሁ በየፊደሉ አንብቡት። ሳምባጂ አውራንግዜብ በ1689 ያስገደለው የማራታዎች ንጉሥ ነው። የስሙን መለወጥ የደገፈም የተቃወመም ነበረ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ዛሬ ማን ያስተዳድራታል? ከተማዋ የአውራጃ ዋና ከተማ ናት። የአውራጃው ሹም «ኮሌክተር» ይባላል። ሰብሳቢ ማለት ነው። እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ የሹሙ ዋና ሥራ ግብር መሰብሰብ ስለነበረ ነው። እንግሊዞቹ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ። ኮሌክተሩን መንግሥት ይሾመዋል፤ የመሬት መዝገብ በሱ ሥር ነው። ድርቅ ወይም ጎርፍ ቢመጣም የሚጠየቀው እሱ ነው። ከሱ በላይ ስምንት አውራጃዎችን የሚቆጣጠር ኮሚሽነር አለ፤ መቀመጫው እዚያው ከተማ ነው። መንገድ፣ ቆሻሻና የቧንቧ ውሃ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ምክር ቤት የሚመርጠው ነዋሪው ነው። ለመንገድ ኮሌክተሩ ዘንድ የሄደ ሰው የተሳሳተ በር አንኳኳ ማለት ነው።

በ2011 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው የአምባር ቦይ ሊያጠጣ አይችልም። አሁን ውሃው የሚመጣው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጎዳቫሪ ወንዝ ላይ ከተሠራው ከጃያክዋዲ ግድብ በሞተር ተገፍቶ ነው። እንዲያም ሆኖ ነዋሪው ቧንቧው የሚከፈትበትን ቀን ቆጥሮ፣ ባልዲ ደርድሮ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ። ደህና ሰንብቱ።