ጥር 23፦ የእንጅባራ ፈረሰኞች



እንጦጦ ስትወጡ የሚከራዩትን ፈረሶች ታውቋቸዋላችሁ። ትቀመጣላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ትወርዳላችሁ። ነውር የለውም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ሕዝቡ ለፈረስ ብሎ ማኅበር ስላቋቋመበት አገር ነው፤ ስለ አዊ፣ ስለ እንጅባራ ከተማ።

«የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር» ይባላል። ሰባት ቤት የሚባሉት አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም እየተባለ ከሰባት ወንድማማቾች የሚቆጠሩት ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኛው ከየወረዳው ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ይገባል። ግልቢያ አለ፣ ጉግስ አለ፣ ሽለላና ፉከራ አለ።

የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ! ጣሊያን ገና አልወጣም። እዚያው እንጅባራ ጦሩ ሰፍሮ ነበር፤ ለቅቆ የሄደው በ1933 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ማኅበሩ የቆመው ለምን መሰላችሁ? ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሰኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ። ጠላት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እያለ የዓድዋን ድል ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። ቀኑም የጊዮርጊስ ቀን ነው፤ የካቲት 23 ከሚውለው ከዓድዋ በዓል ልክ አንድ ወር ይቀድማል።

እኛም እኮ ነበረን። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት ጃንሜዳ፣ በጥምቀት ጉግስ ይታይበት ነበር። የእኛ ሲቀዘቅዝ የእነሱ ለምን ቆየ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዓሉ የዓመት አንድ ቀን ትርኢት ብቻ ስላልሆነ ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ወጥቶ ይሸኘዋል። የተጣላ ይታረቃል። ሙሽራ በፈረስ ይታጀባል። አዊ ውስጥ በፈረስ ይታረሳል ጭምር! ፈረሱ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለው፤ ጥር 23 የሚሸለመው ያው የሥራ ባልደረባ ነው።

ለረጅም ጊዜ ከአካባቢው ውጪ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን በቴሌቪዥን እየታየ፣ እንግዳ እየጎረፈ ደምቋል፤ በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱ ተከብሯል፤ በዩኔስኮ ለማስመዝገብም ጥረት ተጀምሯል። ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ መዝገቡ ሳይሆን ግጦሹ ነው። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው መሬቱን ለከሰል በሚሆን ዲከረንስ በሚባል ዛፍ እየሸፈነው ነው። አልፈርድበትም፤ ገቢ ያገኝበታል፣ የተጎዳ መሬትም አገግሞለታል። ከሰሉ እኛው አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል፤ ቡናችንን የምናፈላበትም ሊሆን ይችላል። ግን ፈረስ ዛፍ አይግጥም። መስክ ከጠፋ አርቢው ይቀንሳል፣ አርቢው ከቀነሰ ጥር 23 የሚወጣው ለካሜራ የተሰበሰበ ፈረስ ይሆናል።

ስለዚህ ቪዲዮውን ሼር ስታደርጉ ስለ ግጦሹም ጻፉ። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲመች ደግሞ ሄዳችሁ እዩ፤ በደብረ ማርቆስ አድርጎ በቡሬ ነው።

አንድ የቤት ሥራም አለብኝ ልሰጣችሁ። ፕሮፋይላችሁ ላይ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ነፍሶ» ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ። የምኒልክ፣ የቴዎድሮስ፣ የባልቻ የፈረስ ስም ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ የእኛ ቤት ፈረስ ስሙ ማን ነበር? መልሱን እዚሁ ከሥር ጻፉልኝ።