በአሸዋ ፏፏቴ ሥር ማን ይኑር?
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



ገለጻዬን በአንድ ወዳጄ ጥያቄ ልጀምር። ወዳጄ የሚሠራው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። «ለእንግዳ መቀበያ ክፍላችን አሸዋ እንደ ፏፏቴ የሚወርድበት አኳሪየም አስበናል፤ ከወለሉ ላይ ምን ዓይነት ዓሣ ብናኖር ይሻላል?» አለኝ። ከዓመታት በፊት ብጠየቅ ኖሮ ያለ ማመንታት «ትንንሽ አምባዛ» እል ነበር። እኔው ራሴ ቤቴ ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሲነጋ ፏፏቴው ቆሞ፣ ቱቦው ተደፍኖ፣ ከጫጩቶቹ አንዱ መምጠጫው አፍ ላይ ሞቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የዓሣው አልነበረም፤ ሳያስብ የመረጠው ሰው ነበር።

በዚህ መሣሪያ የሚወርደው ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው። የአየር ፓምፕ አየር ወደ አንድ ቱቦ ሥር ይልካል፤ አረፋው ሲወጣ ውሃውን ይጎትታል፤ ውሃውም አሸዋውን ይዞ ይወጣል። ከላይ አሸዋው በአነስተኛ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀምና በድንጋዩ ፊት ላይ እየፈሰሰ ይወርዳል። የመሣሪያው ደካማ ጎን መምጠጫው ነው። መምጠጫው ያለውም ከወለል የሚኖሩት እንስሳት በሚመገቡበትና በሚያርፉበት ሥፍራ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዓሣው ምን ያህል ያምራል?» ሳይሆን «ከአሸዋ ጋር ምን ያደርጋል?» የሚል ይሁን። አምባዛ በጢሙ እየዳሰሰ ጭቃውን ያምሳል፤ ሲያድግም ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የቆሮሶ ወንድ ለመራባት በወለሉ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ትንሹ ኮሪዶራስ ደግሞ አሸዋውን አፍሶ በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ሦስቱም በተፈጥሯቸው ልክ ናቸው፤ ለዚህ መሣሪያ ግን አይስማሙም።

የአሸዋውም ነገር ችላ አይባልም። የስምጥ ሸለቆ ምድር እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። ፑሚስ ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የባልጩት ስብርባሪ እንደ መስታወት ይቆርጣል። የዓሣን ጢምና ሆድ የሚያቆስል አሸዋ ምንም ቢያምር አይመረጥም። ታጥቦ የጠራ፣ ቅንጣቱ እኩልና ጠርዙ የደበነ አሸዋ ያስፈልጋል።

ታዲያ ማን ይኑር? ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴ ሽፋን የሚግጥ እንስሳ ይሻላል። ጋራ የተባሉት ትንንሽ ዓሦች እንዲህ ዓይነቶች ናቸው፤ አንዱ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከመቂ ወንዝ ነው። የፈጣን ጅረት ልጆች ስለሆኑ በቂ አየርና የውሃ እንቅስቃሴ ይሻሉ። ከገበያ ለሚገዛ ሰው ደግሞ በሰው እጅ የተራባው አንሲስትረስ ሌላው አማራጭ ነው። በሁለቱም ቢሆን በመምጠጫው ላይ ቀዳዳው ከአሸዋው ቅንጣት የሰፋ፣ ከእንስሳው ጭንቅላት ግን የጠበበ ወንፊት ይደረግ።

ቀንድ አውጣን በተመለከተ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩ ዓይነቶች ቱቦውን ይዘጋሉ። ከዚህ የከፋው ግን ከዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ለቅሞ ማምጣት ነው። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በአንዳንድ የንጹሕ ውሃ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ያድጋል። እጃችሁን የምትነክሩበትን ውሃ በሽታ ወደሚያስተላልፍ ገንዳ አትለውጡት።

በመጨረሻም፣ የሰለቻችሁን ወይም ያደገባችሁን እንስሳ ወደ ሐይቅና ወንዝ አትልቀቁ። ካርፕ በዝዋይና በቆቃ ውሃ በተፈጥሮ የነበረ አይደለም፤ ሰው ያስገባው ነው። ዛሬ ከእነዚህ ውሃዎች መልሶ ማውጣት የሚችል የለም። ከመስታወት ገንዳ የሚለቀቅ እንስሳም ተመሳሳይ ዕጣ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ «መጀመሪያ ፏፏቴውን ያለ እንስሳ ለጥቂት ሳምንታት አሠራው። ከዚያ ጥቂት ዓሣ፣ እርሱንም ዕድሜ ልክ የምትንከባከበውን ብቻ አስገባ።» ለእናንተም ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም።