ስለ ቤት መያዣ ገንዘብና ስለ ርክክብ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን በዚህ ጉባኤ ላይ ጥቂት ተናገሩ ሲሉን መጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብ ኖረን ጡረታ የወጣን ጸሐፊ ነን እንጂ ተናጋሪ አይደለንም። ይሁንና በቤት ኪራይ መያዣ ምክንያት የደረሰብንን ብዙዎቻችሁ ስለሰማችሁ፣ ገሚሱም አጣሞ ስለሰማው፣ ከባለጉዳዩ አፍ ይሰማ ስለተባለ ተነሥተናል። ከመካከላችን አከራይም ተከራይም አለ፤ የምንናገረው ለሁለቱም ነው።

እኛ ለብዙ ዘመን የኖርነው በቀበሌ ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ለቀበሌ ከደረሱት አንዷ ናት። በየወሩ እንከፍላለን፣ ደረሰኝ እንቀበላለን፣ ጣራው ሲያፈስ ራሳችን ቆርቆሮ እንለውጣለን። መያዣ የሚባል ነገር ሰምተንም አናውቅ። ያች ቤት ለልማት ፈረሰችና በ2012 ዓ.ም. የግል ቤት መከራየት ግድ ሆነብን።

አከራያችን አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ በወር 6,000 ብር ተስማማን፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልን፣ በላዩም የሁለት ወር መያዣ፣ ዛሬ ዲፖዚት የሚሉትን፣ 12,000 ብር አስያዝን። ቅድሚያው በኪራይ ታሰበ፤ መያዣው ስትወጡ ይመለሳል ተባለ። ስለዚህ ነገር ውሉ ውስጥ ያለችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ተከራይ ቤቱን በነበረበት ሁኔታ ያስረክባል» ትላለች። እንዴት ነበረ? ቀለሙ፣ ቧንቧው፣ መስተዋቱ፣ ቁልፉ፣ አንዱም አልተጻፈ!

እዚህ ላይ የምናፍርበትን እንናገር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት ሥራ ስንኖር ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አንድ ወንበር ከግቢ ሲወጣ አይተን አናውቅም። ለመሥሪያ ቤት ወንበር ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ኖረን ለራሳችን 12,000 ብር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሳንጽፍ ቀረን።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወደ ልጃችን ሰፈር ለመቅረብ ብለን ቤቱን ለቀቅን። ኪራዩ ያን ጊዜ 8,000 ደርሶ ነበር፤ መያዣው ግን ያው የመጀመሪያው ነው። አዲሱ ቤትም ቅድሚያ ስለጠየቀ ልጃችን የዕቁቧን ዕጣ አበደረችን። ገንዘቡ ለመስከረም የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ነበር፤ እኛም መያዣው እንደተመለሰ እንከፍልሻለን ብለን ቃል ገባንላት።

ሳምንት ቆይተው ወይዘሮዋ ወረቀት ሰጡን። ለቀለም ከነሠራተኛው 7,000፣ ለመስተዋት 1,200፣ ለቧንቧ 900፣ ለጽዳት 1,500፣ ለመጸዳጃ ጉድጓድ ማስመጠጫ 2,400፤ ድምሩ 13,000 ብር። መያዣችን ማለቁ ሳያንስ 1,000 ብር ዕዳ አለባችሁ ተባልን። የልጆቹ እናት ስናነብላት ዝም ብላ ሰማች። ከመውጣታችን በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክካ ወለሉን በብሩሽ የፈተገችው እሷ ናት። «ለጽዳት» የምትለዋን ብቻ ደግማችሁ አንብቡልኝ አለች።

እኛም ንዴት ያዘንና ፍርድ ቤት እንከሳለን አልን፤ እሳቸውም ሂዱ አሉ። ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ የወይዘሮዋ ታላቅ ወንድም አረፉ። እንሂድ አንሂድ ስንባባል አደርን። አራት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረን፣ እናታችን የሞቱ ጊዜ ንፍሮውን የቀቀሉልን እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ይቀራል? ሄደን ከድንኳኑ ተቀመጥን። ስለ ገንዘብ ያነሣ የለም። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ይግባበት ብለው የላኩብን ራሳቸው ወይዘሮዋ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ከእኛ ዕድር፣ አንድ ከእሳቸው ዕድር፣ ሦስተኛው ግንበኛ። ቡና ላይ ተቀምጠን አንነጋገርም፣ ቤቱ ውስጥ ገብተን እያየን እንነጋገር አሉ። ይህ ነው ያዳነን።

ከቀለሙ ተጀመረ። ስንገባ አዲስ ቀለም እንደነበረ አምነናል። ነገር ግን አራት ዓመት የኖሩበት ግድግዳ ማንም ባይነካውም ይደበዝዛል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዳስረዱን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በእርጅና ብቻ የተበላሸውን ነገር ተከራይ ያድስ አይልም። ማድ ቤቱ ግን ሌላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በማገዶ እየጋገርን ግድግዳውን ጥላሸት አልብሰነዋል። ሳሎኑ ውስጥም ፎቶግራፍ የሰቀልንባቸው የምስማር ቀዳዳዎች ሲቆጠሩ ዐሥራ አንድ ሆኑ፤ እኛ አራት ወይም አምስት ይሆናል ብለን ነበር! ግንበኛው ለማድ ቤቱና ለቀዳዳዎቹ 1,800 ብር ገመተ፤ ተቀበልን።

መስተዋቱን የሰበረው የልጅ ልጃችን ነው፣ በኳስ። ደረሰኙ ሲታይ ግን 950 ብር ስለሚል በደረሰኙ ታሰበ። የቧንቧው ብልሽት ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ማለቋ ነው፤ ይህ የአገልግሎት ነገር ነው አልን። ወይዘሮዋ ደግሞ፣ «ሲያንጠባጥብ ለምን አልነገራችሁኝም? ወራት ሙሉ በጨርቅ አስራችሁት ኖራችሁ» አሉ። እውነት ነው፣ በጨርቅ አስረነው ነበር። እኩል ተካፍለን 450 ደረሰን። ጉድጓዱ አራት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ስለሆነ አንድ አራተኛው፣ 600 ብር ተያዘብን። ለጽዳት የተጠየቀው ቀረ፤ ልጃችን በወጣንበት ቀን በስልኳ ያነሣችው ፎቶግራፍ ነበርና ወለሉ ሲያብረቀርቅ ታየ። በጠቅላላው 3,800 ብር ተቀንሶ 8,200 ብር ይመለስ ተባለ።

ያን ጊዜ ነው ወይዘሮዋ እውነቱን ያወጡት። «ገንዘቡ እኮ እጄ ላይ የለም፤ በ2013 ለጣራው ቆርቆሮ አውዬዋለሁ» አሉ። እኛ የመሰለን ስስት ነበር፤ ለካስ የጨነቃቸው ከየት አምጥተው እንደሚመልሱ ነው። ባል የሌላቸው፣ በዚያ ኪራይ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። 5,000 ብሩን ከአዲሱ ተከራይ ተቀብለው ሰጡን፣ የቀረውን በኅዳር ጨረሱ። የልጃችን ልጆች ክፍያ ዘግይቶ በቅጣት ተከፈለ፤ ቅጣቱን እኛ ቻልነው።

እንግዲህ አከራዮች ሆይ፣ መያዣ የሰው ገንዘብ ነው፤ ከኪራዩ ጋር አትቀላቅሉት፣ በባንክ ለብቻው ቢቀመጥ በመውጫው ቀን ፊት አያጠቁርም። የሚታደስ ነገር ካያችሁም ተከራዩ ሳይወጣ ንገሩት፤ መስተዋቱን እኛ ራሳችን አስገብተነው በወጣን ነበር። ተከራዮችም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፤ መያዣው ይያዝልህ እያልን የመጨረሻውን ሁለት ወር ሳንከፍል የምንወጣ አለን፤ ቀጥሎ በሚገባው ላይ አከራዩ የሚከረው ስለዚህ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ይህን እወቁት። ይሁን እንጂ የማድ ቤታችሁን ግድግዳ መልክ አዋጅ አይጽፍላችሁም፤ እናንተው ናችሁ የምትጽፉት።

ስለዚህ ከዕድራችን ጸሐፊ ጋር ሆነን አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ አዘጋጅተናል። በየክፍሉ ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ቧንቧው፣ የቁልፉ ቁጥር፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ ይሞላበታል፤ በመግቢያና በመውጫ ቀን ሁለቱም ወገን ቤቱን አብረው ዞረው ይፈርማሉ፣ አንዳንድ ቅጂ ይይዛሉ። ቅጹ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የማባዣውን ዋጋ ግን ዕድሩ አልቻለም፣ የራሳችሁ ነው። እኛም አሁን ለምንኖርበት ቤት ዘግይተንም ቢሆን ሞልተናል። አከራያችን ከመፈረማቸው በፊት አብረን ዞረን ከወለሉ ሁለት የተሰነጠቁ ሴራሚኮች አገኘን፤ አንደኛውን እሳቸውም አይተውት አያውቁም ነበር።